ያጋደለችው ጠገራ ብር

ወርቅውሃ ጥቅሉን ስትፈታው ብሩ ላይ የተቀረጸችውን እመቤት በጀርባዋ ተኝታ አገኘቻት።

ጠገራ ብሯ የባሏ የላቀው ነበረች። ላቀው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ እንደ እሷው መምህር ሆኖ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ፣ ከደመወዙ እየቆጠበ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ይህችን አንዷን መርምረው ደረጃ እንዲያወጡላት ወደ ውጭ አገር የገንዘብ መርማሪዎች ላካት፤ ስትመለስ ግን እሱ ካረፈ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። መርማሪዎቹ ጥርት ባለ ፕላስቲክ አሽገው፣ ከአናቷ በኩል ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ ደረጃዋንና የላቀውን ስም አትመዋል። እሽጉ ከተከፈተ ያቺ ወረቀት ከንቱ ናት። ከፖርት ሱዳን ያመጣት የጭነት መኪና ሹፌር ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጧት ኖሮ፣ በእሽጉ ውስጥ ዙሪያዋን ያቀፋት የላስቲክ ቀለበት በሙቀት ላላ፤ ከዚያ መንገዱ እየናጠ አዞራት።

ላቀው የተጣመመ ነገር አይቶ ሳያቃና አያልፍም ነበር። ወርቅውሃም እንዲህ ተጋድማ አላስቀምጣትም አለች።

መጀመሪያ ወደ ብር ሠሪው ወደ ዛኪር ሄደች። ዛኪር አገላብጦ አየና ሳቀ።

«ኡስታዛ፣ ሴትዮዋ አረም ስታርም ውላ ደክሟት ነው፤ ይተዉዋት፣ ትተኛ!»

«ማቃናት ትችላለህ?»

«ይቺማ ምን አላት! ሣጥኗን በመጋዝ ከፈት፣ እሷን በሎሚና በአመድ ፈተግ፤ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ማንጠልጠያም እበይድላትና ባንገትዎ ያደርጓታል። እናቶቻችን እንዲያ አይደል የሚያደርጉት?»

እውነቱን ነበር። በዚህ አገር ጠገራ ብር የሚከበረው ተፈትጎና ተበስቶ ነው። ላቀው ግን የተፈተገ ብር ዕድሜው ተላጠ ማለት ነው ይል ነበር። ዛኪር መጋዙን ሲያነሣ ወርቅውሃ እሽጉን ከእጁ ነጠቀችው።

«አመሰግናለሁ ወንድሜ። እሽጓ አይነካም።»

«ታዲያ በጸሎት ሊያቃኗት ነው?» አለ ከኋላዋ።

ወጥታ ሄደች። በሐጂ አብዱልናስር የሰሊጥ መጋዘን በኩል ስታልፍ የማበጠሪያው ማሽን ይንቀጠቀጣል። ቆም አለች። በወንፊቱ ላይ አንዲት ጠጠር እየተንከባለለች፣ ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ትሄዳለች። በመናጥ የዞረች በመናጥ ትመለሳለች ስትል አሰበች።

«ሐጂ፣ ማሽንዎን ያውሱኝ።»

«ሰሊጥሽ የታለ ወርቄ?»

እሽጉን ሰጠቻቸው። ሐጂ የላቀው ወዳጅ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ስሙን ካነበቡ በኋላ ቀልዱን ተዉት። «ነይ፣ በዚህ በኩል ያዥ» አሉ።

ሻሿን አጥፋ በማሽኑ ብረት ላይ አነጠፈችና የፕላስቲኩን ጠርዝ ጫን አደረገች። ብሯ ነቅነቅ አለች፤ ዞረች። ግን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ነበር፤ እመቤቲቱ በአናቷ ተተከለች።

«እሰይ! አሁንስ ዘቅዝቀሽ ሰቀልሻት!» አለች ሰሊጥ ለቃሚዋ ባሕሪያ፤ አብረዋት የሚለቅሙት ሴቶች ሁሉ ሳቁ።

ወርቅውሃ በሌላው ጠርዝ ያዘቻት። አሁን እንደ ሰዓት ዘንግ፣ ዓይን በማያየው ዝግታ መመለስ ጀመረች። ቀትር ላይ ሐጂ ለሶላት ማሽኑን አጠፉ። ወርቅውሃ እሽጉን ከእጇ ሳታወርድ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ከእመቤቲቱ ራስ የወረደው ሻሽ የመበለት ሻሽ እንደሆነ ላቀው አንድ ጊዜ ነግሯት ነበር። ያኔ ፈተና እያረመች ስለነበር ቀና ብላ አላየችም።

ማሽኑ ሲነሣ እሷም ተነሣች። ክንዷ እስከ ክርኗ ደነዘዘ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመቤቲቱ ቆማ ነበር፤ የቀራት የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል ነው።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ቀናች» አሉ ሐጂ።

«አልቀናችም።»

እንደገና ጫነች። ያን ጊዜ ከወረቀቷ አጠገብ፣ በፕላስቲኩ ማዕዘን ላይ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር አየች። እጇን ብድግ አደረገች።

«ምነው? ትንሽ እኮ ነው የቀራት።»

«ይቅራት ሐጂ። ከዚህ ካለፍኩ ስሙ ነው የሚሰነጠቀው።»

ሐጂ ማሽኑን አጠፉ። ወርቅውሃ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች፤ እሽጉን በሻሿ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ቀጥ አድርጋ ያዘችው።

«ራክሻ ልጥራልሽ?» አሉ ሐጂ ወደ ባጃጆቹ እየጠቆሙ።

«መንገዱ ይንጣል» አለች። በእግሯ ሄደች።