የቁልፍ ፉጨት

የጋሼ ዶሞኮሽ ጉንጭ የተቀደደው በእኔ ትእዛዝ ነው።

"የባሱን ክር ወደ ላይ ስበው ይልቀቁት፤ እንጨቱን በጥፊ ይበለው" አልኳቸው። ባስ የሚባለውን፣ ሰው የሚያህለውን ቫዮሊን የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው። ሳቡት። ከአንጀት የተሠራው ክር ተበጠሰና ፊታቸውን እንደ አለንጋ ገረፈው። ደሙ ነጭ ኮሌታቸው ላይ ወረደ።

"ካልማን፣ በርሊን የላክንህ ሙዚቃ እንድትማር ነው ወይስ ግርፋት?" አሉ ጉንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። ቫዮሊኖቹ ሳቁ። ልምምዱም የድርሰቴ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሳይደርስ ተበተነ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ያው ገጽ ነበር። በርሊን ሆኜ ስጽፈው፣ ያ ሁሉ ክር እርስ በርሱ ሲናከስ ይሰማኝ ነበር። ቡዳፔስት ከተመለስኩ ወዲህ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሙዚቃ ነው፣ ወይስ ሰው አገር ሲጨበጨብለት ያየሁትን ጫጫታ ቀድቼ ነው የመጣሁት? አንድ ጊዜ በጆሮዬ ካልሰማሁት መፍረድ አልችልም።

ኮንሰርቱ ገና ከመጋመሱ ፉጨት ተነሳ። እኛ ከተማ ሙዚቃ ያስጠላው ሰው የቤቱን ቁልፍ ያወጣና ክፍት የሆነውን የጫፉን ቀዳዳ እየነፋ ያፏጭበታል። ከሁሉም የባሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው መቶ አለቃ ሶሞዲ ነበር።

"ኧረ ድመቶቹን ልቀቃቸው! ምን አደረጉህ?" ብሎ ጮኸና መልሶ አፏጨ።

የመምሪያ በትሬን ጥዬ ከመድረክ ዘለልኩና በጥፊ አጮልኩት። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሁሉ ተያያዘ። አንዱ ጠበቃ ሌላውን በጢሙ ይዞ ጎተተው። የተወረወረ ወንበር የጋሼ ዶሞኮሽን ባስ ሆዱን ሰነጠቀው፤ እሳቸውም የባሱን አንገት ገንጥለው እንደ ዱላ ይዘው ወረዱ።

በማግስቱ የሶሞዲ ምስክሮች ለፍልሚያ ሊጠሩኝ ቤቴ መጡ።

"የተመታው እሱ ነውና መሣሪያ የሚመርጠው እሱ ነው። ጎራዴ መርጧል። የመጨረሻው ገጽ ቀልድ እንደሆነ በጋዜጣ ካመኑ ግን ይቅር ይላል።"

"ቀልድ ሊሆን ይችላል። ግን ሳልሰማው አልክደውም" አልኳቸው።

ጋሼ ዶሞኮሽ ጉንጫቸው ተሰፍቶ ጥጉ ጋ ተቀምጠዋል። "አንተ ልጅ፣ ሰው ለማያውቀው ነገር ይሞታል?"

"ቢያውቀውማ ለምን ይሞታል፣ ጋሼ?"

በፈረሰኞች ሰፈር፣ በተነጠፈ የእንጨት ብናኝ ላይ፣ ሸሚዛችንን አውልቀን ቆምን። "ጀምሩ!" ከመባሉ ቀኝ ክንዴ እስከ አጥንቱ ተተረተረ። በደመ ነፍስ ሰነዘርኩ። ጎራዴዬ የሶሞዲን ግማሽ ጆሮ ይዞ ወረደ። ሐኪሙ "በቃ!" እያለ መሃላችን ገባ።

ሶሞዲ ጆሮውን በፎጣ ደግፎ ብናኙ ላይ ተቀመጠ። "እሺ፣ ሙዚቃህ በምንድን ነው የሚያልቀው?"

"አላውቅም። መች አስጨረስከኝ?"

"ለማታውቀው ነገር ነው የቆረጥከኝ? ግድ የለም፣ አንድ ጆሮ ተርፎኛል። ስታጫውተው ጥራኝ።"

እሁድ ጠዋት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ተጫዋቾቹ አንዱ ዓይኑ አብጧል፣ ሌላው ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ክንዴ ታስሯልና ጋሼ ዶሞኮሽ በተውሶ ባስ እየተጫወቱ፣ በጭንቅላታቸው ንቅናቄ መሩ። ሶሞዲ እዚያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። የመጨረሻው ገጽ ደረሰ።

ክሮቹ አልተናከሱም። ለቅሶ ቤት እንደተገናኙ ባላንጣዎች አንገታቸውን ደፍተው ተላለፉ። የፈራሁት ደረሰ፤ የሚነክሱት ነገር አልነበራቸውም። ወደ ሶሞዲ ዞርኩ።

"ቁልፍህን ይዘሃል?"

"ምን?"

"ንፋው! ጋሼ፣ ከገጹ መጀመሪያ እንደገና!"

ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ነፋው። ያ ቀጭን፣ ክፉ ድምፅ አዳራሹን ሰንጥቆ ገባ። የጋሼ ዶሞኮሽ ስፌት ቀላ። ጥርሳቸውን ነክሰው ክሩን ሳቡና እንጨቱ ላይ ለቀቁት። ሌሎቹም የዚያን ማታ ቡጢ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ፉጨቱን ሊገድሉት ተነሱ። አንድ ክር ተበጠሰ፣ ሌላም ተከተለ፤ ማንም አላቆመም። ፉጨቱም አልሞተም። እስከ መጨረሻው ኖታ ተናከሱ።

ሲያበቃ ጋሼ ዶሞኮሽ የሚደማ ጣታቸውን እየጠቡ አዩኝ። "ታዲያ ሰማኸው?"

እርሳስ ለመንኩና ኖታው ላይ፣ በማይታዘዝልኝ ግራ እጄ፣ ከባሱ መስመር በታች አዲስ መስመር አሰመርኩ። "ቁልፍ፣ ከሦስተኛው ረድፍ" ብዬ ጻፍኩበት።