ባዶዋን የለካኋት መኪና

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ እንደሆነ የሹም አቦ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን መምህርት እሌኒ መኪናዋን ብየዳ ቤቴ በር ላይ አቁማ ስትወርድ፣ የምቆጣው ጠፍቶኝ ብድግ አልሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ መኪና የሚባል ነገር ደጄን ረግጦ አያውቅም ነበር።

ምክንያቱን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ባምላክ የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ የመኪናው ጭስ ማውጫ ተሰንጥቆ መጣ። እኔም የባትሪውን ገመድ ሳልነቅል በየድሁለት። አሮጌ ላንድሮቨር ስበይድ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ማን ባትሪ ይነቅላል? ብየዳው ያማረ ነበር፤ መኪናው ግን አልነሣም አለ። ለካ ኮምፒዩተሩን አቃጥየዋለሁ። ሽማግሌ ገብቶ የባምላክን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ይቅር አለኝ። መንገድ ላይ ስንገናኝም ሰላም ይለኛል፣ ልጆቼን ይጠይቃል። መኪናውን ሲይዝ ግን በእኔ በር ላለማለፍ በአስፋልቱ ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው። ይሄ ነው ሆዴን የሚበላኝ። ከእሱ ወዲህ ሌላውም ሰው ሸሸኝ፤ ሥራዬ በር፣ መስኮትና የአልጋ ብረት ብቻ ሆነ።

«ጋሽ ደሞዝ፣ ከመኪናዬ ኋላ ብስክሌት የሚሸከም ብረት ይሠሩልኛል?» አለችኝ እሌኒ።

ኮሌጅ የምታስተምር፣ ከእኛ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር ሴት ናት። ልጇ ሲና በብስክሌት ትወዳደራለች። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ የለም፤ ይቺ ግን ሌላ ናት፣ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ስታልፍ ሰው ቆሞ ያያታል። ባለፈው ወር አንበሳሜ ላይ ውድድር ነበራት። ብስክሌቷን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነውላት፣ በላዩ የሽንኩርት ጆንያ ደርበውበት፣ ስትደርስ ቸርኬው ተጣሟል። መስመሩ ዳር ቆማ የሌሎቹን ውድድር አይታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እናቷ ብስክሌቱን በመኪናዋ የኋላ ወንበር ለማጓጓዝ ሞከረች። መኪናዋ ግማሽ በቤንዚን ግማሽ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚሏት ናት። ትልቁ ባትሪ የሚተነፍስባት ቀዳዳ ከኋላ ወንበሩ ጎን ነው፤ ከብስክሌቱ ጋር የገባው ብርድ ልብስ ደፍኖባት መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እሑድ ዱርቤቴ ላይ የክልሉ ብስክሌተኞች ምርጫ ነው» አለች እሌኒ። «ዘንድሮ ሌላ ዕድል የላትም።»

ከመንገዱ ማዶ ያለውን መካኒክ እያየሁ «ሕዝቅኤልን አልጠየቁትም?» አልኋት።

«ጠይቄዋለሁ። ሻንሲው ላይ እንበይደዋለን አለኝ። የመኪናዋ መጽሐፍ ግን እንዳትበየድ ይላል።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ሊያደርጉ መጡ? የእኔን ነገር አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ» አለች። «አንዴ ያቃጠለ ሰው አሁን ይጠነቀቃል ብዬ ነው።»

ካርቶን አንጥፌ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የትልቁ ባትሪ ብርቱካንማ ወፍራም ገመድ ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግቷል፤ እሱን ሳይ እጄን ወደ ደረቴ ሰበሰብሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ዓይኔን ወደ መኪናዋ ጫፍ ወሰድሁት። ከኋላ መከላከያው ከፓራውልቱ ጀርባ፣ ሻንሲው በሚያልቅበት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ጥርስ ወጥቶላቸው ከፋብሪካ የመጡ የብሎን ቀዳዳዎች ናቸው። ወጥቼ ልብሴን ሳላራግፍ «አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ አትነካትም» አልኋት። «ብረቱን ውስጥ በይጄ፣ መኪናዋ ላይ በብሎን አስረዋለሁ።»

ሕዝቅኤል ከማዶ ሰምቶ «በያጅ በብሎን ሲሠራ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። «ብሎን ይላላል። እሑድ ብስክሌቱን ከመንገድ እየለቀማችሁ ትሄዳላችሁ።»

ሜትሬን አንሥቼ መለካት ጀመርሁ። ለእኔ ዝም ማለት ብረት ከመቁረጥ ይከብዳል።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ቱቦላሬ ብረት ቆርጬ፣ ወፍራም ላሜራ ቀድጄ፣ ብስክሌቶቹ የሚያርፉባቸውን ሁለት ክንዶች በአሮጌ የጎማ ካላማዳርያ ጠቅልዬ። መኪናዋ ከግቢ ውጭ ቆማ ነው ብየዳውን የሠራሁት፤ እየወጣሁ ለካሁ፣ እየገባሁ በየድሁ። ዓርብ ቀትር ላይ አሰርሁት። ሲና የራሷንና የጓደኛዋን የመሲን ብስክሌት ሰቀለች። ሳየው እኔ ራሴ ደስ አለኝ። ሦስቱ ሴቶች ገቡ፣ እሌኒ ቀስ ብላ ነዳች፣ እኔ በእግሬ ከኋላ ተከተልሁ።

ከሰፈራችን መውጫ የፍጥነት መግቻ አለ። የፊት ጎማዋ ወጣ ወረደ። የኋላው ሲወርድ ብረቱ አስፋልቱን ፋቀው፤ ድምፁ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አንዱ ክንድ ተጣሞ ቀረ።

ሕዝቅኤል የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣና «ደሞዝ፣ ይቺንም አቃጠልኻት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሰማ።

ሲና ወርዳ መጀመሪያ የብስክሌቷን ጎማ አንሥታ አሽከረከረችው። አልተነካም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ «ጋሼ፣ እሑድ በሚኒባስ ልሂድ እንዴ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ተመልሼ ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥሁ። ምን ነካኝ እያልሁ ሳሰላስል አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ወልደ ሐዋርያት ዱርቤቴ ገበያ ጋሪ ይሠራ ነበር። የጋሪውን መጎተቻ ባዶውን ለክቶ አያውቅም። ከገበያተኛው አምስት ስድስት ሰው ይጠራና «ውጡልኝ» ይላል፤ ጆንያ ያስጭናል፤ ጋሪው ተጭኖ ዝቅ ሲል ነው ተንበርክኮ በከሰል ምልክት የሚያደርገው። እኔ ልጁ ደግሞ ሦስት ዓመት በርና መስኮት ስለካ ኖሬ፣ መኪናን እንደ በር ባዶዋን ለካኋት። በር ላይ የሚሳፈር የለ። ተነሥቼ ግንባሬን በመዳፌ መታሁ።

«መኪናዋን መልሺያት» አልኋት እሌኒን፤ እርስዎ ማለቱም ጠፋኝ። «ሁላችሁም ግቡ። እናትዓለም፣ ነይ አንቺም ግቢ።»

ሚስቴ እናትዓለም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፣ ምን ሆነ ብላ ሳትጠይቅ ገባች። ለይቶልኝ ስጮህ ማየት ለምዳለች። መኪናዋ እንድትሞላ አንድ ሰው ጎደለን። በዚያው ሰዓት መሪጌታ ገብረ ኪዳን የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቁ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሞላ ያሉ ሰው ናቸው።

«መሪጌታ፣ እባክዎ ከኋላ ይቀመጡልኝ» አልኋቸው።

«ምን ልሁንልህ ብለህ ነው ልጄ?»

«ጭነት።»

ሣቁና ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ። መቋሚያቸው በመስኮት ወጣ። መኪናዋ አራት ጣት ሙሉ ዝቅ አለች። መሬቱ ላይ ተኝቼ በከሰል ምልክት አደረግሁ፤ ሕዝቅኤል ሻዩን አቀዝቅዞ ያየኝ ነበር።

በዚያው ክንዱን ቆርጬ እንደገና ሠራሁት፣ ብረቱን ስንዝር ያህል ከፍ አደረግሁት። ከፍ ሲል ብስክሌቶቹ ታርጋውን ሸፈኑት፤ ትራፊክ ሳያስቆመን ብዬ ታርጋውን ፈትቼ ከውጭ በኩል ብረቱ ላይ አሰርሁት። የቀረኝ የሕዝቅኤል ነገር ነበር፣ ብሎን ይላላል ያለው። እውነቱን ነው፣ ይላላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ብሎን ከነሮንዴላ ቀለበቱ አጥብቄ፣ የእናትዓለምን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ ከብሎኑ ራስ እስከ ላሜራው ቀጭን መስመር አሰመርሁበት። ብሎኑ በፀጉር ያህል እንኳ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። እናትዓለም ቀለሙ ማለቁን ስታይ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞከርነው። መሪጌታ «ጭነቱ እኔ አይደለሁ? ያለ እኔ እንዴት ይሆናል» ብለው ከቅዳሴ ሲወጡ በቀጥታ መጡ። የፍጥነት መግቻው ላይ ደረስን፤ የፊቱ ወረደ፣ የኋላው ወረደ። ምንም። ተኝቼ ቡጢዬን በብረቱና በአስፋልቱ መካከል አስገባሁ፣ ሰፍቶት ተረፈ። ኮብልስቶኑንም ሦስት ጊዜ ተመላለስንበት፤ ቀይ መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው። «ይበል» አሉ መሪጌታ። ሕዝቅኤል ያን ቀን ከጋራዡ አልወጣም።

እሑድ እኔም አብሬ ሄድሁ። ማን ከቤት ሊያስቀረኝ? መፍቻዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፊት ተቀመጥሁ። መርዓዊ ላይ አስቁሜ ወርጄ መስመሮቹን አየሁ። ትንሽ ሄደን ደግሞ አስቆምሁ። በሦስተኛው ሲና ከኋላ ሆና «ጋሼ፣ ከእርስዎ ይልቅ ብሎኑ ተረጋግቷል» አለችኝና መኪናው ሙሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፣ ግን ወርጄ አየሁት።

ዱርቤቴ ስንደርስ ሰው ገበያው ዳር፣ አባቴ ጋሪ ይሠራበት የነበረው ቦታ አካባቢ ተሰብስቧል። ሲና ብስክሌቷን አውርዳ ጎማውን አሽከረከረች፤ ቀጥ ብሎ ዞረ። ቀና ስል ባምላክ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ለካ የፋብሪካው የብስክሌት ክለብ ሰዓት ያዥ እሱ ነው። ከመኪና ስወርድ አይቶኛል።

«የት ላይ ነው የበየድኸው?» አለኝ።

«አልበየድሁትም።»

ለውድድሩ የለበሰውን ንጹሕ ሸሚዝ ረስቶ መሬት ላይ ተኛ። ከሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። በጣቱ አንዱን ቀይ መስመር ሲነካ አየሁት። ወጣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ «ሰዓት ደረሰ» ብሎ ሄደ።

ውድድሩን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ከመስመሩ ጎን ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። የመጀመሪያዎቹ አራት ነበሩ የሚመረጡት፣ ሲና ሁለተኛ ወጣች። መሲ ስድስተኛ ሆና አለቀሰች፣ ቆይታም ሣቀች። ሲና ላቧ ሳይደርቅ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቷ እጄን ይዛ ቆመች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን ስንመለስ፣ መንገዱን ሙሉ፣ የባምላክ ዝምታ ከውስጤ አልወጣ አለ። አይቶ ምንም አላለም። አይቶም አላመነኝም ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ በሺህ መኪና መካከል ብሰማው እለየዋለሁ። በአስፋልቱ አልዞረም፤ በእኔ መንገድ መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ገባና ቆመ። ባምላክ ወርዶ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ጭስ ማውጫው ተሰንጥቋል» አለ። «እዚያው፣ የድሮው ቦታ ላይ። ብየዳ ነው የሚፈልገው።»

«ቆመህ እየው እንጂ» አልሁት፤ ድምፄ ገና አልተከፈተም ነበር።

«ምን አቆመኝ? ሥራ ይረፍድብኛል። ማታ እወስደዋለሁ።» ከዚያ በእግሩ ሄደ። ዞሮም አላየም።

ከምንም በፊት ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ገመድ ነቀልሁ። ከዚያ መኪናው ጎን ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሕዝቅኤል ከማዶ ያየኝ ነበር፤ ይየኝ።