ከመሬት እስከ ምስማሩ

መምህር አስረስ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽፋ ሻይ ቤት ሲደርስ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ወንበር ተይዞለት ነበር። የያዘለት የሰልሚያ አባት ጋሽ ሀያቱ ነው። "ና መምህር፣ ያንተ ቦታ እዚህ ነው" ብሎ ወንበሩን መታ መታ አደረገለት። አስረስ ያሰበው ከኋላ ቆሞ ማየት፣ ነገሩ ከከፋም ሹልክ ብሎ መውጣት ነበር። ያ ሐሳብ በሰላምታ መሐል ቀረ።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ገና ዓመት አልሞላም። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና እየተካሄደ ነው፤ በሴቶች ከፍታ ዝላይ አገሯን ወክላ የቀረበችው ደግሞ የቡታጅራው በርበሬ ነጋዴ የሀያቱ ልጅ ሰልሚያ ናት። ሁሉ ሯጭ በሆነበት አገር ወደ ላይ የሚዘል ሰው እንደ ልብ አይገኝም። የዝላዩ ቦታ ባዶ እንዳይቀር ከየዞኑ ሲጠየቅ፣ የስፖርት አስተማሪዋ አስረስ "አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የምትዘል ተማሪ አለችኝ" ብሎ ጻፈ፣ ማኅተም አስመታ፣ ላከ። በሁለት ሳምንት ትምጣ ተባለ።

ያቺ ሰባ አምስት ናት እንግዲህ አስረስን እንቅልፍ የነሳችው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች አስጠርቦ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ምስማር መትቶባቸው፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተከላቸው። ምስማሮቹ ላይ ቀርከሃ ያጋድማል። ማረፊያው ከጋሽ ሀያቱ ሱቅ በመጡ የበርበሬ ጆንያዎች የተሞላ ጭድ ነው፤ ሰልሚያ በጀርባዋ በወደቀች ቁጥር ታስነጥሳለች፣ ተማሪው ይስቃል። ክረምት በመጣ ቁጥር መንደርደሪያው ይጨቀያል። አስረስም በዓመቱ ተማሪዎቹን አሰልፎ ገረጋንቲ አፈር ያስደፋል፣ ያስደለድላል፣ ሜዳው አማረ ብሎ ይደሰታል። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ያጠፋውም ጉብዝናው ነው።

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሀያቱ ከግንዶቹ አንዱን ሱቁ በር ላይ ላቆም ብሎ ተነሣ። "ልጄ የዘለለችበት ነው፤ ሰው ይየው" አለ። ርእሰ መምህሩም ፈቀደ። ሀያቱ በዶማ፣ አስረስ በአካፋ ቆፍረው ግንዱን ሲያወጡት፣ ከአፈር ውስጥ በወጣው በኩል ጥቁር የሬንጅ መስመር ታየ። አስረስ መስመሩን እንዳየ አካፋውን ጣለ። ራሱ ያሰመረው ነው። ያኔ "መሬቱ እዚህ ድረስ ነው" ብሎ፣ የምስማሮቹን ቁመት ሁሉ የለካው ከዚያ መስመር ተነሥቶ ነበር። መስመሩ አሁን ከገረጋንቲው በታች አራት ጣት ገብቶ ተቀብሯል። ምስማሩ ባለበት ቆሞ፣ መሬቱ ከእነ ልጅቷ ወደ ላይ መጥቷል።

"ምንድን ናት ይቺ ጥቁር?" ብሎ ጠየቀ ጋሽ ሀያቱ።

"ምስጥ እንዳይበላው የተቀባ ነው" አለ አስረስ። ውሸቱ ከአፉ የወጣበት ፍጥነት ራሱን አስደነገጠው።

በሜትር ሲለካው ሰባት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሰባ አምስት የተባለው ስልሳ ስምንት ነው ማለት ነው። ሰልሚያ ይህን አታውቅም። አዲስ አበባ የገባችው ሐሙስ ነው፤ አሰልጣኞቹም እግርሽን አሳርፊ ብለው፣ ከማንደርደር በቀር አንድ ቀን እንኳ አላዘለሏትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለአስረስ ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረም። ያኔውኑ በቡድኑ መሪ ስልክ አስጠራት። ሊነግራት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ አፉን ከፍቶ ነበር።

"ቲቸር፣ ከሰባ ነው የሚጀመረው አሉን" ብላ ቀደመችው። "ከእኔ በአምስት ያነሰ ነው፤ ምንም አልፈራሁም። ደግሞ እዚህ ፍራሹ አያስነጥስም።"

አስረስ አመነታ። ብነግራት ልቧ ይሰበራል፣ ባልነግራት ባልለካችው ከፍታ ሕዝብ ፊት ትዋረዳለች። ወዲህ ቢል ገደል፣ ወዲያ ቢል ገደል። "በርቺ፣ እራትሽን በደንብ ብዪ" አለና ዘጋ። በኋላ ራሱን "የማስበው ለእሷ ነው" እያለ አጽናና። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ያቺ ማኅተም የተመታባት ደብዳቤ ነበረች።

አሁን ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው የአምስት ሺህ ሜትር ሩጫ ነው፤ ዝላዩ የሚታየው ካሜራው ሯጮቹን ተከትሎ ሲዞር፣ ከጀርባቸው ብልጭ ሲል ብቻ ነው። ሰው ለሯጮቹ ያጨበጭባል። ጋሽ ሀያቱ ወደ ስክሪኑ አንገቱን አስግጎ "ያቺ ናት፣ ያቺ አረንጓዴዋ" ይላል፤ አረንጓዴ የለበሰው ግን ብዙ ነው።

ድንገት ካሜራው ወደ ዝላዩ ዞረ። ሰልሚያ ቆማለች። ጣቶቿን ታፍታታለች። ተንደረደረች፣ ተነሣች፣ አግዳሚው በጀርባዋ ተመትቶ አብሯት ወደቀ። ሻይ ቤቱ "ኧረ" አለ። ጋሽ ሀያቱ ግን ፈገግ አለ። "እየተሟሟቀች ነው። ሰባ ለሷ ምኗ ነው?"

አስረስ የያዘው ሻይ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ። ካሜራው ወደ ሩጫው ተመለሰ። ሁለት ዙር አለፈ፣ ሦስት ዙር። ከዚያ ጋዜጠኛው በሩጫው ወሬ መሐል "በከፍታ ዝላይ የእኛዋ ሰልሚያ ሀያቱ በሁለተኛ ሙከራዋም ሳይሳካላት ቀርቷል" ብሎ አለፈ። አንድ ሙከራ ቀራት። ያንን ከሳተች ምንም ሳትዘል፣ ስሟ አጠገብ ቁጥር ሳይጻፍ ልትመለስ ነው።

የጋሽ ሀያቱ ፈገግታ ጠፋ። መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣ። አስረስ ጎኑ ያለውን ሰው አየ። ይህ ሰው ልጁን ለዝላይ የሰጠው አንድ ዓመት ሙሉ ተለምኖ ነው። ሴት ልጅ በጀርባዋ ስትወድቅ አደባባይ ትታይ ወይ ሲል፣ "የቁጥሩን ትልቅነት ይመልከቱ" ብሎ ያሳመነው አስረስ ነው።

"ጋሽ ሀያቱ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"ቆይ መምህር፣ አሁን አይደለም" አለ ሀያቱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ሩጫው አለቀ። አሸናፊዋ ባንዲራ ለብሳ ዞረች፤ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሽፋ እንኳ ትሪውን አስቀምጦ አጨበጨበ። ዝላዩ የለም። አስረስ እየተቃጠለ ጠበቀ። ሰልሚያ አሁን ወድቃ እያለቀሰች ይሆናል፤ ወይም ገና እየተንደረደረች ይሆናል፤ ማን ያውቃል? በሆዱ "አምላኬ፣ የኔን ጥፋት በእሷ ላይ አታድርግ" አለ። ከልቡ ነበር ያለው።

ቴሌቪዥኑ "ከጥቂት ደቂቃ በፊት" ብሎ አሳየ። ሰልሚያ ከበፊቱ ራቅ ብላ ተነሣች። ሮጠች፣ ዞረች፣ ጀርባዋን ሰጠች። ተረከዟ አግዳሚውን ነካው። አግዳሚው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ።

ሻይ ቤቱ ተናወጠ። አስረስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

"ምን ያስለቅስሃል?" አለ ጋሽ ሀያቱ በመገረም። "ገና የራሷ ከፍታ ላይ መች ደረሰች?"

አግዳሚው ወደ ሰባ አምስት ከፍ አለ። አሁን ሩጫ ስለሌለ ካሜራው ሦስቱንም አሳየ። ሦስቴ ተነሣች፣ ሦስቴ አግዳሚውን ይዛ ወረደች። ከኋላ አንዱ "እዚህ ስትዘለው አልነበር እንዴ?" አለ። ሌላው "የቤት አንበሳ" አለ። ጋሽ ሀያቱ መቁጠሪያውን ወደ ኪሱ ከተተ። "ፈራች" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልጄ ሰው ፊት ፈራች።"

የአስረስ ስልክ ጮኸ። በረንዳ ወጥቶ አነሣው።

"ቲቸር፣ አዋረድኩዎት" አለች ሰልሚያ እያለቀሰች። "የራሴን ከፍታ አቃተኝ።"

"የራስሽ አልነበረም" አለ አስረስ። ከዚያ ነገራት፤ ስለ ሬንጁ፣ ስለ ገረጋንቲው፣ ስለ አራቱ ጣት። "ያንቺ ስልሳ ስምንት ነበር። ዛሬ የዘለልሽውን ያህል ዘለሽ አታውቂም።"

ከወዲያ በኩል አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ስንነጋገር ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሁለቴ ስስት ምን ሆንኩ እያልኩ እግሬን ስረግመው ነበር" አለች። ለቅሶዋ ቆሟል፤ ድምፅዋ ደረቅ ነው።

"ይቅር በዪኝ።"

"አባባ አለ?"

"ውስጥ ነው።"

"ምን ይላል?"

"ፈራች ይላል።"

"እንግዲያው እርስዎ ይንገሩት" አለች። "የእኔን እኔ ዘልያለሁ።" ስልኩ ተዘጋ።

አስረስ ዞር ሲል ጋሽ ሀያቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘርግቷል። ከኋላው የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ያያል።

"ምን አለች? ፈራሁ አለች?"

"አይ ጋሽ ሀያቱ" አለ አስረስ፣ ከውስጥ ያሉትም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ልጅዎ አልፈራችም። የፈራሁት እኔ ነኝ።"