ከሰረዙ በኋላ

ምሳ ከበሉ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ፋንቱ ደግሞ ትኩስ ወተት በትልቅ ኩባያ ይዛ መጣችባቸው።

«ይጠጡት እትዬ ሙሉሸዋ፤ እዚያ አዳራሽ ባዶ ሆድ ይዘው አይቀመጡም።»

«አሁን ያበላሽኝ ፍርፍር ገና ከጉሮሮዬ አልወረደም! ምነው፣ ለበዓል ልታርጂኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትቀልቢኝ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቋ እስከ ሰፈራቸው፣ እስከ ኢስትሊ ዋና መንገድ ይሰማ ነበር። አሁን ግን ከንፈሯን ገለጥ ብቻ አድርጋ ኩባያውን አስጨበጠቻቸው። ፋንቱ ታችኛው ፎቅ የምትኖር፣ በቤተ ክርስቲያን አብራቸው የምትዘምር ጎረቤት ናት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ እጇን ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። እሳቸውም ደግነቷን አይተው በጸሎታቸው ስሟን መጥራት ጀምረዋል።

ወተቱን እየጠጡ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሐሴት ጠዋት እህል ሳትቀምስ፣ ያንን ቪዮላ የሚሉትን ከቫዮሊን ከፍ ያለ መሣሪያ አዝላ፣ ለዛሬው የሙዚቃ ዝግጅት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሄዳለች። ማታቱ ውስጥ ስልክ ከእጅ ይነጠቃል፤ ጀርባ ላይ ያለውንስ ማን ይጠብቅላታል? ደውለው እንዳይጠይቁ ስልክ የላቸውም። ሐሴት «ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ» ብላ ከወሰደችው ሦስት ሳምንቱ ነው። ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ አድርጊልኝ ቢሏትም ነገ፣ ነገ እያለች እዚህ ደርሰዋል።

የሚያንገበግባቸው ስልኩ ራሱ አልነበረም። ልጃቸው ዘካርያስ፣ የሐሴት አባት፣ የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ በሞያሌ በኩል አገር ቤት ከገባ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ድንበሩን እንደተሻገረ አንድ ቀን ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የእናቱን ብቻ ነው።

«ዛሬ ቢደውልስ?» አሉ።

«ማን?»

«ማን ትያለሽ? ዘካርያስ ነዋ!»

ፋንቱ ኩባያውን ተቀብላ ወደ ማጠቢያው ዞረች። ለአንዲት ኩባያ ውኃው ብዙ ፈሰሰ።

ኪሌሌሽዋ ወዳለው አዳራሽ በመኪናቸው የወሰዷቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ቶሎሳ ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሙዚቃ ወዳድ የሆንከው? ኪቦርድ ጮኸብኝ ብለህ ወጣቶቹን ከመድረክ ያወረድክ ሰውዬ!»

«ልጃችን አይደለች እንዴ፣ እትዬ?» አሉ አቶ ቶሎሳ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ። «ነገ ደግሞ ጥቂት ሆነን እቤት እንመጣለን። አብረን እንጸልያለን።»

«ከቅዳሴ፣ ማለቴ ከአምልኮ በኋላ?»

«አይ፣ በማለዳ።»

ለሐሴት ምስጋና ሊያቀርቡ መሰላቸውና ደስ አላቸው። ለሚመጣው ሰው ይበቃ እንደሆነ ቤት ውስጥ ያለውን ብርጭቆ በልባቸው መቁጠር ጀመሩ።

አዳራሹ በር ላይ ሐሴት ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ከአንገቷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ከስታለች።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ሞተ?»

ልጅቷ ክው አለች። ከጎኗ ያለው ረጅሙ የሞምባሳ ልጅ፣ ትልቁን ቼሎ የሚጫወተው ሱፍዋን፣ አሮጊቷ ምን እንዳሉ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። እሷ ግን ወደ አያቷ ዞረች።

«ዩኒፎርም ነው፣ እማ። አራታችንም ጥቁር ነው የምንለብሰው። ፕሊዝ፣ አሁን አትጀምሪ።»

«እኔ ምን ጀመርኩ? አባትሽ መንገድ ላይ እያለ አንቺ ጥቁር ለብሰሽ ሰው ፊት ስትቆሚ፣ ሟርት አይሆንም ወይ ነው ያልኩት።»

ሐሴት ጉንጫቸውን ስማ፣ ሱፍዋንን ተከትላ ገባች።

እትዬ ሙሉሸዋን አንድ ነገር አጽናናቸው። እነዚህ አራት ልጆች የሚጫወቱት በሕይወት ያሉ ሰዎች የደረሱትን ብቻ ነው። ይህን ያወቁት ባለፈው ዓመት ነበር። ሐሴት ያመጣችውን የዝግጅት ወረቀት ሲያዩ በየደራሲው ስም አጠገብ የተወለደበት ዓመት አለ፣ ሰረዝ አለ፣ ከሰረዙ በኋላ ግን ምንም የለም።

«ምነው ቁጥሩ ጎደለ? ያተመው ሰው ደክሞት ነው?»

«አይ እማ፣ በሕይወት ስላሉ ነው። ሲሞቱ ይሞላል።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ያንን ባዶ ቦታ እያዩ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?»

ያን ቀን ሐሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ስቃ ነበር።

አሁን ከመተላለፊያው ዳር አስቀመጧቸው፤ ፋንቱ በግራ፣ አቶ ቶሎሳ ከኋላ። ወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት ሲያነሡ ፋንቱ ቀደመቻቸው።

«ያለ መነጽር ምን ሊያነቡ ነው? መነጽርዎ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ወደ ታች ገብቶብኛል፤ በኋላ ይሻላል።»

አራቱ ልጆች ወጥተው ጀመሩ። እትዬ ሙሉሸዋ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምተው አያውቁም። አንዷ ክሩን በጥፍሯ ትነጥቃለች፤ ሱፍዋን ቀስቱን አጥብቆ ይጫንና እንጨት በደነዘዘ መጋዝ የሚቆርጥ ይመስላል። ድንገት አራቱም ይቆማሉ። አለቀ ሲሉ ደግሞ ይቀጥላል። ሙዚቃውን የደረሰችው ሴትዮ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነበርና ሲጨርሱ ተነሥታ እጅ ነሣች። በሕይወት አለች፣ ለካ እውነት ነው፣ ብለው አጨበጨቡላት።

ሁለተኛው ረዘመባቸው። ፋንቱ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ለጸሎት ሲንቀሳቀስ አዩና ወረቀቱን ከጭኗ ላይ ቀስ አድርገው ወሰዱ። መነጽር የሚፈልጉት ለቅርብ ብቻ ነውና፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲይዙት ይታያቸዋል። ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አያቅታቸውም። የመጀመሪያዋ ደራሲ፦ ዓመት፣ ሰረዝ፣ ባዶ። ሁለተኛው፦ ዓመት፣ ሰረዝ፣ ባዶ። ሦስተኛ፦ ሐሴት ዘካርያስ፣ 2005፣ ሰረዝ፣ ባዶ። የራሷ ድርሰት! ሳትነግራቸው! ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳበሱት፤ እንዲሁ ባዶ ያኑርልኝ አሉ።

ከሥሩ በቀጭኑ አንድ መስመር ነበረ። «ለአባቴ፣ ዘካርያስ ሙላት፣ 1977 – 2025።»

ያተመው ሰው ተሳስቷል፤ ያሉት መጀመሪያ ይህን ነው። ቀጥሎ ዘመን አቆጣጠሩ መጣላቸው። በእኛ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ገና አልገባም፤ ያልመጣ ዓመት ሰውን ሊገድል አይችልም። በዚህ ልባቸው ትንሽ ዐረፈ። ግን ዘካርያስን የወለዱት በእኛ ሰኔ 1969 ነው። ስምንት ጨመሩ። ልጅቷ በፈረንጁ ነው የቆጠረችው፤ ሁለቱንም። ትክክል ነው የቆጠረችው።

ከዚያ ሁሉም ነገር በአንዴ መጣ። ስልኩ። መነጽሩ። ነገ በማለዳ። ወተቱ።

ይህን ሥራ እሳቸውም ሠርተውታል እኮ። የሐሴት እናት የሞተች ጊዜ ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ። ፈተናዋን እስክትጨርስ ዘጠኝ ቀን መርዶውን ደበቁባት። ዘጠኙንም ቀን ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት እንቁላል እየቀቀሉ፣ ጉልበት እንዲሆናት፣ እያባበሉ አበሏት። በአሥረኛው ቀን ጎረቤት ሰብስበው ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ሐሴት እንቁላል በአፏ አልዞረም።

ጭብጨባ ሆነ። ሐሴት የራሷን ድርሰት ለመጀመር ቪዮላውን አንገቷ ሥር አስገብታ ቀስቱን አነሣች፤ ከመጀመሯ በፊት ወደ አያቷ አየች። ወረቀቱን አየችው፣ በእጃቸው።

ቀስቱ አየር ላይ ቀረ። ሱፍዋን ጠበቃት። ሰው ሁሉ ጠበቃት።

ጩኸቱ ከእትዬ ሙሉሸዋ እምብርት ተነሥቶ ደረታቸው ላይ ደርሶ ነበር። ደረት የሚደቃ፣ ፊት የሚነጭ ጩኸት። አንዴ ከወጣ ልጅቷ እዚያው መድረክ ላይ እንደምትወድቅ አወቁ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ በጥርሳቸው ነከሱት፤ በእጃቸው ጀምሪ፣ ጀምሪ አሏት።

ጀመረች። ምን እንደተጫወተች አልሰሙም። የሰሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ዝም ብለው ቪዮላው ብቻውን፣ ቀስቱ ክሩን ሳይለቅ ሳይጫን፣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሲያወጣ። ፋንቱ ያን ጊዜ ዓይኗን ገልጣ ነጠላውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እጃቸውን ያዘች። እጃቸውን አላስለቀቁም።

ሲያልቅ ሐሴት እጅ ሳትነሣ ከመድረኩ ወርዳ መጣች። አቶ ቶሎሳ ከኋላ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ ሙሉሸዋ፣ እንግዲህ ጌታ የሰጠውን...»

«ቶሎሳ፣ በማለዳ ነው ያልከኝ። በማለዳ ትናገራለህ።»

«እማ» አለች ሐሴት ጉልበታቸው ሥር ተንበርክካ። «ከፕሮግራሙ በኋላ ይነገራት ተባለ። ወረቀቱ ላይ ባዶ ልተወው ብዬ ነበር፣ አይ ስዌር። ውሸት ሆነብኝ። አንቺ እኔን ስትዋሺኝ ያን ጊዜ...»

«ዝም በይ አሁን። ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመስሽ?»

«ምንም።»

«ፋንቱ፣ ያ ቦርሳሽ ምግብ አያጣም።»

ፋንቱ ፌስታል አወጣች፤ ዳቦና ሁለት ቅቅል እንቁላል።

«እንቁላሉን መልሺው።»

ዳቦውን ቆርሰው ልጅቷ አፍ ውስጥ አደረጉት። ሰው በዙሪያቸው እየሳቀ፣ እያመሰገነ ይወጣል። ሐሴት እንባዋ ዳቦው ላይ እየወረደ አኘከች፤ ብዙ ጊዜ አኘከች። እትዬ ሙሉሸዋ ጉሮሮዋን ትኩር ብለው ያዩ ነበር።

«ዋጥሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሁለተኛ ጉርሻ አጎረሷት፤ ያም እስኪወርድ ጠበቁ። ከዚያ ከአፋቸው የወጣውን እርጥብ ነጠላ ዘርግተው ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ።

«በይ አሁን ንገሪኝ። የት ነው የቀበሩት?»