ቆጥ ላይ የወጣው አልጋ

ጋራዡን የሠራሁት ለመኪናዬ ነበር። ይህን የምለው ከሚስቴ ከማስተዋል ጋር ለመከራከር አይደለም፤ ክርክሩን ድሮ ተሸንፌያለሁ። የሱዳኗ ገዳሪፍ ፀሐይ የመኪና ወንበር ይሰነጥቃል፤ ክረምቱ ደግሞ ጥቁሩን አፈር ማጥ አድርጎ ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ከግቢያችን ጥግ ሦስት የጡብ ግድግዳ አቁሜ፣ ቆርቆሮ መትቼ፣ በር ገጠምኩለት። መኪናዋ አንድ ክረምት ገባችበት። ከዚያ በኋላ የገባው አደራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመተማና ከቋራ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡት ልጆች ሥራው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ዕቃቸውን ግን ይዘው አይመለሱም፤ መንገዱ አያስኬድም፣ ኬላውም አያሳልፍም። ስለዚህ ከሚያምኑት ሰው ቤት አስቀምጠው ለከርሞ ሲመጡ ያነሱታል። የሚያምኑት ሰው ደግሞ ማስተዋል ሆነች። ፍራሽ፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ የመድኃኒት መርጫ፣ ጀሪካን፣ ሸራ፣ የማያመጡት የለም። እሷ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ጨርቅ ትቋጥርበታለች፤ ቀዩ የማን እንደሆነ፣ ባለመስመሩ የማን እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች። አትከፍተውም፣ አታውሰውም፣ እኔንም አታስጠጋኝም። አንድ ቀን ከአደራው መሃል ባዶ ጀሪካን አንስቼ ውሃ ቀድቼ መኪና ባጥብበት፣ "አደራ በላ!" ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ባዶ ጀሪካን እኮ ነው!

ከዕቃው ሁሉ ግዙፉ የይታያል አልጋ ነበር። ይታያል ከቋራ የሚመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ልጅ ስል እንኳ ሠላሳውን ያለፈ ሰው ነው። አልጋውን እዚሁ ገበያ በያጅ ዘንድ ቆሞ አሠራው። ብረቱ ወፍራም፣ ራስጌው አበባ ያለበት፣ እግሩ ሳይቀር በብየዳ የተያያዘ፣ በምንም የማይፈታ። ጓደኞቹ ተሸክመው ሲያመጡለት "ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?" አልኩት።

"ለሠርጌ ነው" አለ። ጓደኞቹ አውካኩ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

"መንገዱ ሲከፈት መኪና ይዤ እመጣለሁ። አደራ፣ እታለም" ብሎ ማስተዋልን ተሰናብቶ ሄደ። በዚያው ዓመት በእሱ አገር በኩል ተኩስ ተነሳ፣ ስልኩም ተቋረጠ። አጨዳው መጣ፣ አለፈ። ይታያል አልመጣም። ከአገሩ በኩል የመጡትን ማስተዋል አንድ በአንድ ጠየቀች፤ አየሁት የሚል ጠፋ።

በዚያው ዓመት ካርቱምም ተቃጠለች። ሰዉ ወደ መደኒ ከተማ ሸሸ፤ መደኒም ስትያዝ ወደ እኛ ጎረፈ። ከመጡት አንዷ እትዬ ሰዓዲያ ናት። እትዬ ሰዓዲያ የጎንደር እስላም ናት፣ ዕድሜዋን ካርቱም የጨረሰች። ማስተዋል ገና ልጅ ሆና ካርቱም ስትገባ ከመንገድ አንስታ ቤቷ ያስገባቻት፣ ከራሷ አልጋ ላይ አብራ ያስተኛቻት እሷ ናት። አደራ ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረቻትም እሷው ናት፤ ለዚህ ለዚህ እንኳ ባታስተምራት ደስ ይለኝ ነበር።

አሮጊቷ ስትመጣ ወገቧም ጉልበቷም አልቆ ነበር። የእኛን አልጋ ብንለቅላት "የባልና ሚስት አልጋ ላይ አልተኛም፣ ወላሂ!" ብላ ማለች። ሁለተኛው ክፍላችን ከእሷ በፊት በመጡ የመደኒ ሰዎች ሞልቷል። የቀረው ጋራዡ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ እስከ በሩ አደራ ነው። ወለሉ ይለቀቅ ከተባለ ዕቃው መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው።

ቆጥ መሥራት እችላለሁ። አርማጭሆ አባቴ ቤት እህሉም፣ ኮርቻውም፣ የታመመ በግም ሳይቀር ቆጥ ላይ ነበር የሚያድረው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ትቦረቡራለህ፣ ግንዶቹን ከዳር እስከ ዳር ታጋድማለህ፣ ጫፋቸውን በጭቃ ትመርጋለህ። ከባዱ ከግድግዳው ጥግ፣ ቀላሉ ከመሃል። እኔም በጋ ላይ፣ መሬቱ ደርቆ እንደ ድንጋይ በሆነበት ጊዜ፣ ግንድ ገዝቼ በጡቡ ቀዳዳ ሰካሁና በሲሚንቶ ደፈንኩት። ሱዳናዊው ጎረቤታችን ሁዜይፋ መጥቶ አንገቱን ቀና አድርጎ አየና ራሱን ነቅንቆ በስሜ ጠራኝ።

"ያ ስንሻው፣ እዚህ አገር ዕቃ ከግድግዳ ላይ አይንጠለጠልም። የራሱን እግር አብጅለት፣ ከመሬት ይቁም።"

"እግር ካቆምኩለትማ ሴትዮዋ የት ትተኛለች?" አልኩት። በሥራዬ ተኩራርቼ ነበር፤ ሰው ሲመክረኝ ደግሞ አልወድም።

ሳጥኑ፣ ፍራሹ፣ መርጫው ሁሉ ወጣ። አልጋውን እኔና ሁዜይፋ በገመድ ስበን ከመሃል አስቀመጥነው፤ ከስፋቱ የተነሳ ሌላ ቦታ አልገባ አለ። አራት እግሮቹ በግንዶቹ መሃል ወደ ታች ተንጠለጠሉ። እትዬ ሰዓዲያ ከሥሩ ፍራሽ ተነጠፈላት። በጀርባዋ ስትጋደም የምታየው የአልጋ እግር ነው።

ችግሩ ማደሩ ላይ አልነበረም፣ መነሳቱ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት አሮጊቷ መጀመሪያ በጎኗ ትዞራለች፣ ከዚያ በእጇና በጉልበቷ ትንበረከካለች፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ እያቃሰተች ትቧጥጣለች። ማስተዋል ልታግዛት ስትሮጥ "ተይኝ፣ ሬሳ አይደለሁም" ትላታለች። ሲብስባት ግን ሽንቷ ሳትደርስበት ያመልጣታል፤ ያን ቀን ከማንም ጋር አታወራም። አንገረብ፣ የሱዳኖቹን የገመድ አልጋ፣ ገዛሁላት። ገመዱ ረግቦ መሃሉ ላይ ሰመጠች፤ ከዚያ ለማውጣት ሁለት ሰው ፈጀ፤ ፍራሹ ተሻለ።

"አልጋው ይውረድ" አልኩ አንድ ጠዋት።

"የሰው ነው" አለች ማስተዋል።

"ሰውየው የለማ!"

"ማን ነገረህ?" ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። "እኔ እያለሁ ያ አልጋ ከወረደ ይታያል ሞቷል ማለት ነው። ሞቷል የሚል ካለ ያውርደው። አንተ ትላለህ?"

እኔ አልልም። ማን ይላል? አሮጊቷም ከታች ሆና "ልክ ናት፣ አደራ አይነካም" አለች። ሁለቱ ሲገጥሙ ወጥቼ መኪናዬን አጠብኩ።

ክረምቱ ገባ። እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኔም የማውቀው፣ ግን ቆጥ ስሠራ ትዝ ያላለኝ ነገር አለ። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ቤት ያነሳል፣ በር ያጣብቃል፣ ግድግዳ ያጋድላል። የአባቴ ቤት ግድግዳ ከአለት ላይ የተነሳ ነበርና ቆጡ ከሱ ጋር ዘላለም ይኖራል፤ እኔ ያንን አሠራር አምጥቼ ገዳሪፍ ላይ ሰካሁት። በሐምሌ አጋማሽ ዝናቡ ሲያባራ ገብቼ ቀና ብል፣ የግራው ግድግዳ ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል። የመሃሉ ግንድ ጫፍ ከቀዳዳው ሊወጣ የቀረው የጣት ያህል ነው። ግንዱ ላይ ያለው አልጋው ነው። ከአልጋው ሥር እትዬ ሰዓዲያ መቁጠሪያዋን ይዛ ዱዓ ታደርጋለች።

"እትዬ፣ ነይ ውጪ" ብዬ በብብቷ ይዤ ጎተትኳት፤ ሬሳ አይደለሁም ብትልም አልሰማኋት። ሁዜይፋን ጠራሁት። የመኪናውን ክሪክ አምጥተን በድጋፍ እንጨት ግንዱን ደገፍነው፤ አልጋውን በገመድ አሰርንና ቀስ አድርገን አወረድነው፤ ያጋደለውንም ግድግዳ ከውጭ በእንጨት ደገፍነው። ሁዜይፋ ነግሬህ ነበር አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር።

አልጋው መሃል ወለሉ ላይ በአራት እግሩ ቆመ። ከዚያ ቦታ ሌላ የሚቆምበት አልነበረም፤ ግራና ቀኙን ከቆጡ ያወረድነው ሌላው ሸክም ይዞታል።

"ውጭ ይውጣ" አለች ማስተዋል።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። "ዝናብ ላይ? ዝጎ ሲያልቅ ነው አደራ የሚጠበቀው? ወይስ እትዬን ከአልጋው ሥር እናስገባት?"

ማስተዋል አልጋውን አየችው፣ በሩ ላይ የኔን ክንድ ይዛ የቆመችውን አሮጊት አየቻት። ደመናው እንደገና ይጠቁር ነበር። ከዚያ ፍራሹን ከመሬት አነሳች፣ አራገፈችው፣ አልጋው ላይ ዘረጋችው፣ አንሶላውን አለበሰችው። ጥግ ጥጉንም ከተተችለት። ስትጨርስ ወደ ጓዳ ገባችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

"ገደልኩት" አለችኝ ስገባ። "በገዛ እጄ ገደልኩት።"

አልጋ ነው፣ ሰው አይደለም ልላት አስቤ ተውኩት። ሁላችንም ያን ማታ እራት ሳንቀምስ ተኛን። ከዚያ በኋላ ስለ ይታያል የሚጠይቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ማስተዋል ለአጨዳ የሚመጡትን መጠየቅ ተወች።

ይታያል የመጣው ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ለመድረቅ በሂላ ተደጋግፎ በቆመበት ሰሞን ነው። ድንበር አጠገብ ካለችው ከቁረይሻ በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ከስቷል፣ ፂሙ አድጓል፣ ከአንድ ፌስታል በቀር ምንም አልያዘም። ማስተዋል ልብስ ታሰጣ ነበር። የያዘችውን ጣለችና በሩ ድረስ ሄዳ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው።

"አለህ?" አለችው።

"አለሁ፣ እታለም።"

ሳመችው፣ አለቀሰች፣ ደግማ ሳመችው። ከዚያ ድንገት ፊቷ ተለወጠ። ወደ ጋራዡ ዞረች። በሩ ለነፋስ ተከፍቷል፤ እትዬ ሰዓዲያ አልጋው ላይ ተኝታለች።

"ይታያል ወንድሜ፣ ማርያምን፣ ልነካው ብዬ አይደለም። ግድግዳው ነው። አሁን አስነሳታለሁ፣ አሁን" ብላ ልትሮጥ ስትል ክንዷን ያዛት።

"ተያት፣ ትተኛ" አለ።

ጋራዡ ውስጥ ገባና በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ወንበር ባመጣለት አልፈለገም። አልጋውን ያይ ጀመር።

"ለሠርጌ ነው ብያችሁ ነበር" አለ በኋላ።

"አዎ" አልኩት። "ሙሽራዋስ?"

"ሙሽራ የለችም። ለእናቴ ነበር። ለእናቴ አልጋ አሠራሁ ብል ልጆቹ አጨዳውን ሙሉ መቀለጃ ያደርጉኝ ነበር።"

ማስተዋል እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እናትህ እንዴት ናት?"

"በሰኔ አረፈች። እመደቡ ላይ።"

ይህን ያለው እንደ ማንኛውም ወሬ ነው። ማስተዋል ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በወጉ ጮኻ ልታለቅስለት አልቻለችም፤ አሮጊቷ ተኝታለች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

በዚህ መሃል እትዬ ሰዓዲያ ነቃች። ሰው ተሰብስቦ መሬት ላይ ስታይ ደነገጠች። "ማነው እሱ?" አለች።

"የአልጋው ባለቤት ነው፣ እትዬ" አልኳት። ምን ልበላት?

"ያ ረቢ!" አለችና ብርድ ልብሱን ገፈፈች። ሁለት እግሯን ወደ ታች አወረደች፤ ሙሉ በሙሉ መሬት ረገጡ። መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ አደረገችና፣ ሳትንበረከክ፣ ግድግዳ ሳትይዝ፣ አንዴ ትንፋሽ ወስዳ ቆመች።

ይታያል አፉን ከፍቶ ያያታል። ከጉልበቷ እስከ ወገቧ፣ ከወገቧ እስከ ፊቷ ቀስ ብሎ ተመለከታት።

"ቁመቱን ከአገር ቤት በገመድ ለክቼ ባመጣሁት በእናቴ ጉልበት ልክ ነበር ያሠራሁት" አለ። "እንዲህ ብላ ብድግ እንድትልልኝ።"