የተጨመሩት ሁለት ዓመታት

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። የትምህርት ቤቱን ማህተም ሠላሳ ዓመት ስለያዘች ተማሪውም መምህሩም «እትዬ ማህተም» ነው የሚላት፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ዝርዝሩ ብቻ ነው። ደክሟታል። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣም ካለ ሰነበተ። ይበልጥ ያደከማት ግን ጉልበቷ አይደለም። በየዓመቱ ሦስት አራት ሴት ልጆች ሆዳቸው ገፋ ሲል ወይም ባል ሲገኝላቸው ከክፍል ይቀራሉ፤ እሷም በስማቸው ትይዩ «በራሷ ፈቃድ ያቋረጠች» ብላ ትጽፋለች። የማን ፈቃድ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ጠይቃስ ምን ልታመጣ!

ዘንድሮ ግን ሰሌዳው ላይ አዲስ ሕግ ተለጥፏል። አስራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ አትዳርም፤ ያረገዘች ተማሪ አትባረርም፤ ወልዳም ወደ ክፍሏ ትመለሳለች ይላል። የለጠፈችው ራሷ እትዬ ማህተም ናት።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊው መጣ። የተማሪዎቹን ዩኒፎርም የሚሰፋው እሱ ነው፤ ሜትሩ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ነው። እሱ ሌላ ከተማ ሳለ የተወለደችውን የሟች እህቱን ልጅ ከስምንት ዓመት በፊት ተረክቦ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል አድርሷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

«እንዴት አደሩ እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«እንዳለ ነው፣ ተወው። ምን ልርዳህ?»

«የልጄን የዕድሜ ማስረጃ ፈልጌ ነበር። የጋብቻ ምዝገባ ቢሮው የትምህርት ቤት ወረቀት ካላመጣህ አይሆንም አለኝ።»

እትዬ ማህተም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምነው? ምን ተገኘ?»

«አርግዛለች። አራተኛ ወሯ ነው።» ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመው። «ያስረገዛት የአናጢው ልጅ ነው። ቤተሰቡ እንወስዳታለን ብሏል። ሰው አፍ ሳትገባ ብዬ ነው እንጂ…»

«ፈተናዋስ? ሦስት ወር ነው እኮ የቀራት! ሕጉስ ደጅ ተለጥፎ የለ?»

«ሁለቴ አነበብኩት። አስራ ስምንት ነው የሚለው። እሷ ደግሞ ባለፈው ወር ሞልቷታል፤ የእርስዎ መዝገብ ነው ያለው።»

እትዬ ማህተም መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችው። «ከሰዓት ና፣ አዘጋጅልሃለሁ» ብላ ሸኘችው።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የልጅቷ እናት እዚሁ ግቢ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የምትተውለት ሰው ስላልነበራት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ በተጣለ ጠመኔ ወለሉን ትሞነጫጭራለች። ትምህርት ቤቱ ከሰባት ዓመት በታች አይቀበልም። አንድ ቀን እናቲቱ መወልወያዋን እንደያዘች ገባችና፣ «እትዬ፣ ሰባት ይበሉልኝ። ኮሪደር ከምትውል ክፍል ትዋል» አለቻት። እትዬ ማህተምም ሰባት አለችላት። በዓመቱ ልጅቷ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እትዬ ማህተም የኮራችበት ውሸት እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ያ ውሸት ልጅቷን ሊድራት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ አስራ ስምንት ብሎ ይዟል። እሷ ዝም ካለች ማንም አይጠይቃትም፤ አራት ወሯን ጨርሳ፣ ተጨብጭቦላት ትወጣለች። ከተናገረች ግን መዝገብ ያጭበረበረች ናትና የሠላሳ ዓመት ልፋቷ ገደል ሊገባ ይችላል። ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ልጅቷን ከክፍል አስጠራቻት።

«ነይ ቁጭ በይ። ባል ማግባቱን ትፈልጊዋለሽ?»

ልጅቷ ጣቶቿን አየች። «እኔ እንጃ፣ እትዬ። አጎቴ አዋቂ ሆነሻል፣ አዋቂ ደግሞ ያደረገውን ይሸከማል አለኝ። እሺ አልኩት። አስራ ስምንት ሲሞላኝ መፍራቴ የሚቆም መስሎኝ ነበር። አልቆመም።»

እትዬ ማህተም ከዚያ በኋላ አላሰበችም። የታችኛውን መሳቢያ ስባ፣ ከደረቁት የማህተም ቀለሞች ሥር አንድ የክትባት ካርድ አወጣች። እናቲቱ እንዳያጋልጠን ብላ የሰጠቻት ነው፤ እትዬ ማህተም ግን መቅደድ አልሆነላትም ነበር። ልጅቷ ካርዱን ተቀብላ የተወለደችበትን ቀን አነበበች፤ በጣቷ ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች።

«አስራ ስድስት?»

«አስራ ስድስት። ሁለቱን የጨመርኩብሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ካርዱን ለርዕሰ መምህሩ ራሷ ወሰደችው። ደረጃውን እየተንጠላጠለች፣ በየእርከኑ እየቆመች ወጣች።

«ይሄ ምን እንደሚያስከትልብዎ ያውቃሉ?» አላት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ ጌታዬ። አውቃለሁ።»

ከሰዓት ልብስ ሰፊው ሲመጣ ማስረጃ ሳይሆን ካርዱን ሰጠችው። የእህቱን ስም ሲያይ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጣም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«በየዓመቱ ከእኩዮቿ ሁለት ቁጥር አሳንሼ ነበር የምሰፋላት» አለ። «ምግብ አልስማማት ብሎ ነው እያልኩ እጨነቅ ነበር። በየዓመቱ የምለካት እኔ ራሴ፣ እትዬ! እኔ!» አለና አለቀሰ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ማህተም ማህተሙንና ቁልፉን አስረከበች። ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቷ ትቀመጥ ተብሏል። የጡረታዋን ነገር የጠየቀችው ሰው አላወቀም። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ጉልበቷን ልታሳርፍ ተቀመጠች። ዕቃዋ አንድ ፌስታል ብቻ ነበር።

ደወሉ ሲደወል ልጅቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በበሩ ገባች። ዩኒፎርሟ በሁለቱም ጎን ተተርትሮ ሰፍቷል። የተጨመረው ጨርቅ አዲስ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ጎበዝ ሰፊ ቢደብቀው ይችል ነበር፤ አጎቷ አልደበቀውም። ሁለት ልጆች አይተው ተንሾካሾኩ። ልጅቷ ሰማቻቸው፤ ቆም ብላ እትዬ ማህተምን በአንገቷ እጅ ነሳቻትና ወደ ክፍሏ ሄደች።