ሐዲድ የሌለው ባቡር

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ በሚወጣው መንገድ፣ ዳገቱ ጉልበቱን ማሳየት በሚጀምርበት ኩርባ ላይ፣ አቶ ሙሉሃብት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ስልካቸውን በባሕር ዛፍ በትር ጫፍ ላይ በጎማ ጠፍር አስረው፣ ከተራራው የሚወርዱትን የጭነት መኪኖች ይጠብቃሉ።

ተወልደው ያደጉት አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ነው። አባታቸው የሐዲድ ሠራተኛ ስለ ነበሩ ልጅነታቸው ያለፈው የሚያልፈውን ባቡር ፉርጎ በመቁጠር ነው። ጎልማሳ ሆነው የመኪና መለዋወጫ ሊነግዱ ጎባ ገቡ፤ አገቡ፤ ወለዱ፤ ሚስታቸውን ቀበሩ፤ ልጆቻቸውን ወደየሥራቸው ሸኙ፤ በመጨረሻም ሱቁን ዘጉ። ባሌ ባቡር የለውም። አንድ ቀን ግን ከደሎ መና ቡና ጭነው፣ የሐረናን ደን ሰንጥቀው፣ ሳነቴን ተሻግረው፣ በጉም ውስጥ መብራታቸውን አብርተው ተከታትለው የሚወርዱ መኪኖችን አዩና ልባቸው እንደ ልጅነታቸው ዘለለ። ቀረጿቸው። ቴሌግራም ላይም «የባሌ ባቡር» የሚል ገጽ ከፍተው ቪዲዮውን ለቀቁት።

«ጋሼ፣ ሐዲዱስ?» ይላቸዋል ከኩርባው ሥር ጎማ የሚጠግነው ሱሌይማን።

«መንገዱ አለ አይደል?»

«እንግዲያው ትኬት ቆራጭ አድርገው ይቅጠሩኝ።»

«አንተ አንድ ጎማ ለመለጠፍ ግማሽ ቀን የምትፈጅ ሰው፣ ባቡሬን ልታስረፍድብኝ!»

ነገሩ በጨዋታ ተጀምሮ ቁም ነገር ሆነ። ሳነቴ ላይ ስልክ አይሠራም፤ ብርዱም ሰው አይምርም። የሾፌር ቤተሰቦች ማታ ማታ ገጹን ከፍተው የሚጠብቁት መኪና መውረዱን ማየት ለመዱ። ቀስ በቀስ ደንብ ወጣለት። የወረደ ሾፌር ኩርባው ላይ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ አቶ ሙሉሃብትም ከስልካቸው ጀርባ ሆነው «ነጋን ገላ! በሰላም ግባ!» ይላሉ። በዕለቱ ቪዲዮ ላይ ያልታየ መኪና ካለ፣ ጎባ ያሉ ሾፌሮች ሳይመሽ ፍለጋ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ አደራ ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፤ እርሳቸውም እንቢ አላሉም።

ከተመልካቾቹ ሁሉ ደኅንነታቸውን ጠይቃ የምትጽፍላቸው ሶረቲ ነበረች። ባሏ ጉሉማ ቀይ ጋቢና ያለው የጭነት መኪና ይነዳል፤ እርሷ ጎባ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። የባሏን መኪና ባየች ቁጥር «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት ጋሼ? ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፤ እርስዎም ብርዱን ይጠንቀቁ» ብላ ትጽፋለች። ልጆቻቸው ከሚደውሉበት ከበዓል ቀን በስተቀር፣ አቶ ሙሉሃብትን ብርድ ይጠንቀቁ የሚል ሌላ ሰው አልነበረም። መልእክቱን አንብበው ራታቸውን ይበላሉ፤ ባይመጣ ግን ራቱን ረስተው ስልኩን ሲያዩ ያመሻሉ።

በነሐሴ ወር ዝናቡ በበረታበት አንድ ቀን ጉንፋን ያዛቸውና ከቤት ሳይወጡ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ገጹን ሲከፍቱ ሰዎች «ዛሬ ምነው ዘገየ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሶረቲም ጽፋለች፦ «ጋሼ፣ ደኅና ነዎት? ዛሬ ጠፉብን።»

መፈለጋቸው ደስ አሰኛቸው። «አሞኝ አልወጣሁም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ጣታቸውም ጀምሮት ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አንድ የሮቤ ከተማ ወጣት መኪኖቹን በዘፈን እያጀበ በሌላ ገጽ መልቀቅ ጀምሮ ነበርና፣ አንድ ቀን የቀረ ሽማግሌ በማግስቱ እንደሚረሳ ታሰባቸው። ባለፈው ሳምንት በተመሳሳይ ዝናብ የቀረጹትን ቪዲዮ ፈለጉ። ቀዩ ጋቢና፣ ረዥሙ ክላክስ፣ የራሳቸው ድምፅ፣ ሁሉም አለ። ለቀቁት።

«ነጋን ገሌ! በሰላም ገባልኝ! ገለቶማ ጋሼ፣ አሁን ልቤ ዐረፈ» ስትል ሶረቲ መለሰች።

አቶ ሙሉሃብት በባዶው ቤታቸው ፈገግ አሉ። ውሸታቸው ውሸት አልመሰላቸውም፤ ሰውን ያሳረፈ ነገር ምን ክፋት አለው ብለው ተኙ።

በማግስቱ ጉንፋኑ ቀለል ቢላቸው ወደ ኩርባው ወጡ። ሱሌይማን መፍቻውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው፤ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

«ጋሼ፣ ጉሉማን ሰምተዋል?»

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ሳነቴ ላይ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ወዲህ መኪናዋ ተንሸራታ ቦይ ገብታለች። እግሩ ተሰብሮ ከረዳቱ ጋር ሸራ ለብሰው እዚያው ነው ያደሩት። ጠዋት የወጣ መኪና አግኝቷቸው ሆስፒታል አስገባቸው። ረዳቱ ደኅና ነው። ጉሉማ ግን...» ዐይኑን ከፊታቸው ላይ አነሣ። «ማታ እኛ ልንወጣ ነበር እኮ! ገመድ ሁሉ ጭነን።»

አቶ ሙሉሃብት ስልካቸውን ከበትሩ ጫፍ ፈቱ።

«ጋሼ፣ ኔትወርክ ነው ይበሉ» አለ ሱሌይማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የድሮው ቪዲዮ በራሱ ተላከብኝ ይበሉ። በኔትወርክ ያልተሳበበ ነገር አለ? ማን ይመረምርዎታል?»

አቶ ሙሉሃብት ቁልቁለቱን ወደ ሆስፒታሉ ወረዱ።

ሶረቲ ከሆስፒታሉ መተላለፊያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የባሏን ጭቃ የጠጣ ጫማ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ስታያቸው ከልማድ ብድግ አለችላቸው። ይህ አክብሮት ከስድብ ይልቅ ወጋቸው።

«እንዴት ዋለ?» አሉ።

«ተኝቷል። ሳንባውንም ብርድ መትቶታል ይላሉ። ጋሼ፣ ያ ቪዲዮ የትናንት ነበር?»

ሱሌይማን የሰጣቸው ቃል ምላሳቸው ላይ መጣ። ጫማውን አዩትና ተመልሰው ዋጡት።

«አልነበረም። የባለፈው ሳምንት ነው። አሞኝ አልወጣሁም ነበር።»

«እነ ሱሌይማን መኪና አስነሥተው ስልክ ደወሉልኝ። ወደ ላይ እንውጣ ወይ አሉኝ። የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ ሙሉሃብት አሳይተውናል፣ ወርዷል፣ ሮቤ ከተማ ገብቶ ቡናውን እያራገፈ ነው፣ በከንቱ አትድከሙ አልኳቸው። ስልኩ ባይሠራ እንኳ ባትሪው አልቆ ነው አልኩ።» ድምፅዋ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። «ባሌን እኔው ራሴ እዚያ አሳደርኩት።»

«አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ።»

«አሞኛል ቢሉን እኮ ሾርባ ይዤ እመጣ ነበር። ቤትዎን አውቀዋለሁ። አልወጣሁም ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?»

መጻፉስ አልከበደም ነበር፤ የሚያሳፍራቸውም ይኸው ነበር። እርሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ጫማውን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በዚያ ምሽት አቶ ሙሉሃብት የሆነውን ሁሉ ሳያለዝቡ ጽፈው ገጹ ላይ ለጠፉት። ብዙ ሰው ሰደባቸው፤ ብዙ ሰውም ከገጹ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ቪዲዮ ቀኑን በድምፃቸው ተናግረው ይጀምሩ ጀመር። ካመማቸው «ዛሬ አልወጣሁም፤ በእኔ አትተማመኑ» ብለው ይጽፋሉ። ሾርባ ይዞ የመጣ አልነበረም፤ እርሳቸውም እንዲመጣ አልጠበቁም።

ክረምቱ አለፈ። መስኩ በአበባ ተሸፍኖ፣ አበባውም ረግፎ፣ የሮቤ ሜዳ ስንዴ መታጨድ ሲጀምር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቀዩ ጋቢና በኩርባው ብቅ አለ። አቶ ሙሉሃብት ከድንጋዩ ተነሥተው በትሩን በሁለት እጃቸው ቀጥ አድርገው ያዙ። ጉሉማ በመስኮቱ ታየ፤ ፊቱ ከስቷል፤ ዐይኑ መንገዱ ላይ ነው። መኪናው ተጠጋ፤ ፍሬኑ ተንሿሿ፤ አለፋቸው። ክላክስ አልነፋም።

«ነጋን ገላ» አሉ ከስልኩ ጀርባ። «በሰላም ግባ።»

«አላየዎትም ይሆናል» አለ ሱሌይማን።

«አይቶኛል።»

«እንግዲያው ክላክሱ ተበላሽቶ ነው። መኪናው ገና ከጋራዥ መውጣቱ አይደል?»

ቃሉን ሳይጨርስ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገድ የዘጉ አህዮችን ለማባረር የጉሉማ ክላክስ ረዥም ሆኖ ተነፋ። ሱሌይማን ጎንበስ ብሎ ጎማውን መመርመር ያዘ።

ማታ ቤታቸው ገብተው ቪዲዮውን ከፈቱት። ከነሐሴ በፊት የተቀረጹት ሁሉ ስልካቸው ውስጥ አሉ፤ የጉሉማ ክላክስ በየቀኑ፣ በፀሐይም በዝናብም። አንዱን ቆርጦ መጨመር የደቂቃ ሥራ ነበር፤ ማንም አያውቅባቸውም፤ ምናልባትም ሶረቲ ሰምታ ባሏ ይቅር እንዳላቸው ይመስላትና አንድ ቃል ትጽፍ ይሆናል። ጣታቸው አሮጌዎቹ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የዕለቱን እንዳለ፣ ከነዝምታው፣ ለቀቁት።

ራታቸውን አቅርበው ጠበቁ። ሶረቲ አልጻፈችም። ዘግየት ብሎ አንድ የማያውቁት ሰው ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ የጉሉማ ክላክስ የታለ? ድምፁን አጥፍተውት ነው?»

«አይደለም» ብለው መለሱ። «አልነፋልኝም።»